ቺካጎን ሰፈር በሰፈር ላስተዋወቁን የብሎክ ክለብ ባልደረቦች፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

በቺካጎና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸውና ለማታውቋቸውም ልጠቁማችሁ የፈለግሁት ብሎክ ክለብ ቺካጎ የተባለውን የሰፈር ዜና ድረ ገጽ አዘጋጆችና ዘጋቢዎች ነው።

እኔ ኤጅዋተር የምኖር የታክሲ ሹፌር ነኝ። በ2018 መጨረሻ፣ የመጀመሪያው የበረዶ ወቅቴ በገባ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ተነስቼ ብወጣ መኪናዬ ካቆምኩበት ቦታ የለም። ለካ በአንዳንድ ዋና ጎዳናዎች ላይ ከዲሴምበር 1 እስከ ኤፕሪል 1፣ በረዶ ጣለም አልጣለም፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት መኪና ማቆም ክልክል ነው። መጎተቻው 150 ዶላር፣ ቅጣቱ 60 ዶላር፣ ማሳደሪያው ደግሞ በየቀኑ ይቆጠራል። ያን ዕለት አንድ ታላቅ ወንድም የምለው የሥራ ባልደረባዬ የእነዚህን ሰዎች ገጽ በስልኬ ከፍቶ ሰጠኝ። ደንቡ፣ ሰዓቱና ክፍያው ለእንግዳ ሰው በሚገባ ቋንቋ ተብራርቶ ተቀምጧል። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሳላነብ መሪ አልጨብጥም።

የተነሱበትን መንገድ ማወቅ ተገቢ ይመስለኛል። ሻመስ ቱሚ፣ ስቴፋኒ ሉሌይና ጄን ሳቤላ ቀድሞ ዲኤንኤ ኢንፎ በተባለ የሰፈር ዜና ድረ ገጽ በአርታኢነት ይሠሩ ነበር። የኒው ዮርኩ ቢሮ ሠራተኞች በማኅበር ለመደራጀት ድምፅ በሰጡ በሳምንቱ፣ በኖቬምበር 2017፣ ባለቤቱ ድርጅቱን በአንድ ቀን ዘጋው። ሦስቱ አርታኢዎች ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ በኩል ሕዝቡን ጠየቁ፣ ከ3,000 በላይ ሰዎችም ከ183,000 ዶላር በላይ አዋጡላቸው። በጁን 2018 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነው ሥራ ጀመሩ። ዕቁብና ዕድር ለምናውቅ ለእኛ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም።

77 የአካባቢ ክፍሎች ባሏት ከተማ ዘጋቢን በሰፈር መመደብ ምን ፋይዳ እንዳለው በ2021 አይተናል። ኦስቲን በተባለው፣ በኮቪድ ክፉኛ በተጎዳው የምዕራብ ቺካጎ ሰፈር የሚገኘው የሎሬቶ ሆስፒታል፣ መሀል ከተማ ባለው ትራምፕ ታወር ለሚሠሩ ሰዎች ክትባት መስጠቱን ያጋለጡት እነዚህ ዘጋቢዎች ናቸው። ጉዳዩ ከታወቀ በኋላ ከሆስፒታሉ ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ሥራቸውን ለቀቁ። በየቀኑ ከነዋሪው ጋር የሚውል ዘጋቢ ባይኖር ኖሮ ይህ ነገር ተዳፍኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደስታችንንም አይንቁም። በጁላይ 2019 በሃምቦልት ፓርክ ኩሬ ውስጥ አዞ ታየ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንባቢዎቻቸውን ስም እንዲያወጡለት ጠይቀው፣ የከተማዋን ዝነኛ ድምፃዊ የቻንስ ዘ ራፐርን ስም ተከትሎ «ቻንስ ዘ ስናፐር» ተባለ። ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከማላውቃቸው እናቶችና አዛውንቶች ጋር ውኃውን ስናይ የዋልንበትን ቀን አልረሳውም፤ ልጄ ላስቲክ ወይም ቅጠል ባየች ቁጥር «አባዬ፣ ያውና!» ትል ነበር። በኋላ ከፍሎሪዳ የመጣው ፍራንክ ሮብ አዞውን ያዘው። የዚህች ከተማ ሰው የሆንኩት ያን ሳምንት ይመስለኛል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በኢሜይል የሚልኩትን ዕለታዊ ዜና ተመዝገቡና አንብቡ፤ የቻላችሁ በደንበኝነት ክፍያ ደግፏቸው፤ የዘጋቢዎቹ ደመወዝ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ድጋፍም ጭምር ነው። በሰፈራችሁ የተዘጋ ሱቅ፣ የሚፈርስ ሕንፃ ወይም የሚከበር በዓል ካለም ጻፉላቸው። እናንተም የብሎክ ክለብ ባልደረቦች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ብሮድዌይ ጎዳና ላይ ባሉት ምግብ ቤቶቻችን በኩል ስታልፉ ቡናው ሲፈላ ከደረሳችሁ፣ እስከ በረካው ሳትቆዩ እንዳትሄዱ።