የጀሰፕ ምስለ ችሎት፦ ስድስት ወር ይገባዋል?

ዓለም አቀፉ ዙር የሚካሄድበት ዋሽንግተን ሳልደርስ በአገር ውስጥ ዙር የተሰናበትኩ ተወዳዳሪ ስለሆንኩ፣ ይህን ግምገማ የአሸናፊ ምስክርነት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። የሕግ አራተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለስድስት ወር ያህል የሕግ ተማሪዎች እንደ ጠበቃ በሚከራከሩበት በጀሰፕ ዓለም አቀፍ የምስለ ችሎት ውድድር ተጠምጄ ነበር። ዛሬ በጥብቅና ሥራ ላይ ነኝ፤ ታናናሾቼ «ይጠቅማል ወይ?» እያሉ መጠየቃቸውን አላቆሙም።

በየዓመቱ የሌሉ ሁለት አገሮች የተጣሉበት የፈጠራ ጉዳይ ይወጣል። ጉዳዩ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ተቆጥሮ፣ እያንዳንዱ ቡድን ለአመልካቹም ለተጠሪውም የጽሑፍ ክርክር ያዘጋጃል። ቀጥሎ የቃል ክርክር አለ፤ ለአንድ ቡድን 45 ደቂቃ ይሰጠውና ሁለት ተከራካሪዎች ይካፈሉታል። ለእኔ ትልቁ ነገር ለሁለቱም ወገን መጻፉ ነበር። ኅዳር ላይ በኩራት ያጠናቀቅኩትን የአመልካች አንቀጽ፣ ታኅሣሥ ላይ ተጠሪ ሆኜ ቁጭ ብዬ አፈራረስኩት። ሳፈርሰው ግማሹ እውነትም ደካማ ሆኖ አገኘሁት።

የመጀመሪያው ልምምዳችን ግን አሳፋሪ ነበር። ሃያ ደቂቃ የሚወስድ ንግግር በቃሌ ሸምድጄ ቆምኩ። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው መምህራችን ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አቋረጠኝ፤ «ውሉ ተጠሪዋን አገር አያስገድዳትም ቢባልስ?» አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወደዚያ እመለሳለሁ» ብዬ ሽምደዳዬን ቀጠልኩ። አልተመለስኩም። ሰዓት ያዡ «አንድ ደቂቃ» የሚለውን ካርድ ሲያነሳ፣ መምህሩ ብዕሩን አስቀምጦ «እኔ እስካሁን እየጠበቅኩሽ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብዬ ምክንያቱን ማስከተል ተማርኩ። አሁን ዳኛ «ወደ ነጥቡ ይምጡ» ሲለኝ የማልደነግጠው በዚያ ልምምድ ነው።

ውድድሩ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ዳኛ ፊሊፕ ጀሰፕ ነው። ይህን ስም እንደ ማንኛውም የውጭ ስም እየጠራሁት ከቆየሁ በኋላ፣ ለጽሑፋችን ፍርድ ስፈልግ ሌላ ቦታ አገኘሁት። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካን ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም ስለ ዛሬዋ ናሚቢያ፣ በዚሁ የሄግ ፍርድ ቤት ከሰው ነበር። ውድድሩም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ አገሮች ክሱን ለማቅረብ የሚያበቃ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። ጀሰፕ ከተቃወሙት አንዱ ሲሆን ረጅም የልዩነት ሐሳብ ጽፏል። ያን ሌሊት የራሴን ሥራ ትቼ እርሱን ሳነብ አደርኩ፤ ቡድኑ በማግስቱ አልማረኝም።

ጉድለቱንም ልናገር። የጉዳዩ ፍሬ ነገር፣ ማለትም ምን እንደተፈጸመ፣ አስቀድሞ ተወስኖ ነው የሚሰጣችሁ፤ ምስክር አይሰማም፣ መስቀለኛ ጥያቄ የለም። እኔ ሥራ ስጀምር በመጀመሪያው መዝገቤ የተረታሁት በሕግ ትርጉም አይደለም፤ በምስክር ነው። ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ግን የምከራከረው በአማርኛ ስለሆነ፣ የለመድኳቸው አነጋገሮች ሁሉ እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ወጪው ደግሞ በእኛ ጫንቃ ላይ ወደቀ፦ የኅትመቱን ገንዘብ ከኪሳችን አዋጥተናል፤ ዩኒቨርሲቲው ሊተካልን ቃል ገብቶ እስከ ምረቃችን ድረስ «ፊርማ ላይ ነው» ተባልን።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የተቀነሰችው አንዷ ለምስክሩ ናት።

ለመግባት ካሰባችሁ በአራተኛ ዓመት ግቡ፤ አምስተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፉና የመውጫ ፈተናው ጊዜ አይሰጧችሁም። ከቡድኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገረኛ ሰው ይኑራችሁ። የእኛ ነገረኛ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እንጀራ እንደጎረስኩ፣ «ክብርት ጠበቃ፣ የዚህ ሥልጣን ምንጩ የትኛው አንቀጽ ነው?» ይለኝ ነበር፤ ሳልመልስ ወጡን ወደ እኔ አያስጠጋም።