የካውቦይ ፊልም አገርን በእግር ማየት ለምትፈልጉ፦ እኚህን አስጎብኚ ያዙ

ከሁሉ በፊት ሞኒዩመንት ቫሊን፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ በአሪዞናና በዩታ ድንበር ያለውን የካውቦይ ፊልሞች መቅረጫ የአምባዎች ምድር፣ በእግር ላስጎበኙን ናቫሆ እናት ምስጋናዬ ይድረስልኝ፤ ናቫሆ የቦታው ባለቤት የሆነው የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ከቬጋስም ሆነ ከሌላ ቦታ ወደዚያ የምታስቡ ወገኖች፣ ሌላ ሳትፈልጉ እሳቸውን ያዙ።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ከዚያ በፊት ገንዘብ የበላን ስላለ ነው። ስሙን የማልጠራው ድርጅት «የእግር ጉዞ» ብሎ ይሸጥና ክፍት መኪና ላይ አሳፍሮ 27 ኪሎ ሜትሩን የአቧራ መንገድ ያዞራችኋል። ቁሙ፣ ፎቶ አንሡ፣ ተሳፈሩ፤ በቃ። የ1939ኙ (እ.ኤ.አ.) «ስቴጅኮች» ፊልም ላይ ያለው ዝነኛው የሠረገላ ማሳደድ እዚሁ እንደተቀረጸም ይነግሯችኋል፤ እሱ የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ የደረቀ ሐይቅ ላይ ነው። ስለ ናቫሆ ሕዝብ ስትጠይቁ ደግሞ ዝም። በጣም ያናድዳል።

እኚህ እናት ከፊልሞቹ የወጡ ፎቶዎችን አሳትመው ይዘው ይመጣሉ። ካሜራው የቆመበትን ቦታ ራሳችሁ እንድታገኙት ያስተምሯችኋል። መጀመሪያ አንድ ቀረብ ያለ፣ አንድ ራቅ ያለ አምባ ምረጡ። በፎቶው ላይ የቅርቡ ጠርዝ የሩቁን እስከየት እንደሚሸፍን እዩ። በዓይናችሁ የምታዩት ከዚያ ከተለየ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሂዱ። ጠርዙ ገጥሞ የቅርቡ አምባ ከሩቁ አንጻር ከፎቶው ገዝፎ ከታያችሁ ግን አልፋችሁ ቀርባችኋል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በስልኩ ዙም ለማስተካከል ይሞክራል፤ አይሆንም። ዙም ሁለቱንም እኩል ነው የሚያሳድገው፤ ምጥጥናቸውን የሚለውጠው የእናንተ እግር ብቻ ነው።

ቦታው ሲገኝ ፊልሙ ያልተናገረውን ይነግሯችኋል። የ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» ታሪኩ ቴክሳስ ነው ቢልም የተቀረጸው እዚህ ነው፤ ኮማንቺ የተባለውን ሌላ የአገሬው ሕዝብ ሆነው ከታዩት ብዙዎቹ የአካባቢው ናቫሆዎች ናቸው። በ1864 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቫሆዎችን በእግር እየነዳ ኒው ሜክሲኮ ወዳለው ቦስኬ ሬዶንዶ ወሰዳቸው፤ የተመለሱት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው የ1868ቱ ውል ነው። ይህን ከሕዝቡ ልጅ አፍ መስማት ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የማልረሳው የደመናውን ነገር ነው። እኛ ካለንበት በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደቡብ በኩል ሩቅ ጠቆር ያለ ደመና አይተው ወደ ደረቁ ፈፋ እንዳንወርድ ከለከሉ። አለቱ ውኃ አይመጥም፤ ሩቅ የዘነበው ሁሉ ተሰብስቦ በፈፋው ይወርዳል። የተነጫነጩ ነበሩ። እሳቸው ድምፃቸውን ሳይጨምሩ በላይኛው መንገድ መሩን። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ደራሽ ጎርፍ ፈፋውን ሞላው። ያም ሆኖ ላልሄድንበት ክፍል ሒሳቡን ቀንሰው መለሱልን። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ያዙ። ያለ አስጎብኚ የሚፈቀደው የእግር መንገድ ዌስት ሚተን የተባለውን አምባ የሚዞረው ዋይልድካት ብቻ ነው፤ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጥላም ውኃም የለውም። አወራረዱ አያታልላችሁ፤ አድካሚው መጨረሻ ላይ አሸዋውን መልሶ መውጣት ነው። በሞቃቱ ወራት ለአንድ ሰው 4 ሊትር ውኃ ያዙ፣ ገና ሲነጋ ተነሡ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ። አለቶቹ ላይ መውጣት፣ ድሮንና አልኮል ክልክል ነው።

ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ! ናቫሆዎች በሞቃቱ ወራት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጋሉ፣ የቀረው አሪዞና አያደርግም። የአሪዞናዋ ፔጅ ከተማ አድራችሁ በዚያው ሰዓት የምትነሡ ከሆነ አንድ ሰዓት ትዘገያላችሁ። ስልካችሁን አትመኑ፤ ድንበሩ አካባቢ ወዲያና ወዲህ ይላል። ቀጠሮውን «በናቫሆ ሰዓት» ብላችሁ አረጋግጡ።

የእናታችንን ስልክ እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ቀድማችሁ ያዙ፣ በጸደይና በመኸር ቶሎ ይሞላባቸዋል። ጉርሻውን በጥሬ ገንዘብ ያዙላቸው፤ ይገባቸዋል፣ ከዚያም በላይ ይገባቸዋል።