የኪስ ሌንሴና የክሪኖይድ ግንዶች፦ ከወራት በኋላ

ይህችን 10 እጥፍ የምታጎላ የኪስ ሌንስ የገዛሁት ለአንድ ሥራ ነው፤ በአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት መንገድ ሲቆረጥ በሚወጣው የኖራ ድንጋይ ላይ የክሪኖይድ ግንድ ለመለየት። ክሪኖይድ የኮከብ ዓሣ ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ ነው። በድሮ ዘመን አብዛኞቹ በግንዳቸው የባሕሩን ወለል ይዘው ይኖሩ ነበር። ሲሞቱ ግንዱ ይበታተናል፤ የሚቀረው መሐሉ የተበሳ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚመስል ነገር ነው።

አብዛኛው ቁርጥራጭ ክብ ስለሆነ ብዙም አይናገርም። ፕላቲክሪናይቲስ ፔኒሲለስ የተባለው የክሪኖይድ ዝርያ ግንድ ግን ሌላ ነው። ሞላላ ነው፣ ጠርዙ እሾሃማ ነው፣ ፊቱ ላይ በቁመቱ የሚሄድ ሸንተረር አለው። እሱን ካገኘሁ ሴንት ጄነቪቭ የሚባለው የኖራ ድንጋይ ንብርብር ላይ ነኝ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ሴንት ሉዊስ የሚባለው ንብርብር ደግሞ በአክሮሳያተስ ኮራሎቹ ይታወቃል። ሁለቱ በመልክ ስለሚቀራረቡ ያለ ቅሪተ አካል ወሰናቸውን መፈለግ ራስ ምታት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1978 ኬንታኪ በሙሉ በ1፡24,000 ልኬት የጂኦሎጂ ካርታ ሲነሳላት ባለሙያዎቹ የተመሩት በእንዲህ ዓይነት ምልክቶችም ጭምር ነው።

ወደ ሌንሷ ልመለስ። ሦስት ብርጭቆ ተጣብቆ የተሠራች ስለሆነች ጠርዝ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም አታመጣም። ዓይን ላይ አስጠግቶ ይዞ ድንጋዩን 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ድረስ ማምጣት ነው። ድንጋዩ ውሃ ቢነካው ሸንተረሩ ቁልጭ ይላል። ውሃ ከሌለ ምራቅም ይሠራል፣ አትጠየፉ። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ካልሳይት የተባለ ማዕድን አንድ ክሪስታል ነው። ስለዚህ የተሰበረውን በፀሐይ ስታዞሩት ፊቱ በአንድ ጊዜ ብልጭ ይላል። ከሩቅ የምለየውም በዚህ ነው።

የማልወድላት? ማጠፊያዋ ብሎን ቶሎ ይላላል፤ ትንሽ ብሎን መፍቻ ካልያዛችሁ አንድ ቀን ጫካ ውስጥ ትቀራለች። የኤልኢዲ መብራቷም ለዚህ ሥራ ብዙም አይረባም። ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታ ጥላ ያጠፋል፣ ጥላ ከሌለ እሾሁም ሸንተረሩም አይለይም። የጠዋት የጎን ፀሐይ ይሻላል። 30 እጥፍ የሚሉትንም ተዉት። እይታው ስለሚጠብና ስለሚጨልም ሙሉውን ቁርጥራጭ በአንዴ አያሳይም፤ እዚህ የሚፈለገው ደግሞ ጠቅላላ ቅርጹ ነው።

እዚያው ኬንታኪ ያለው ማሞዝ ዋሻ እነዚሁን ንብርብሮች አቋርጦ ያልፋል። ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ቅሪተ አካል ማንሳት ክልክል ነው፤ በሌንስ ማየት ግን ማንም አይከለክልም። ዛሬ ብገዛ ያለ መብራት የሆነችውን እመርጣለሁ።