እናቴን ቁጭ አድርገው ላነበቡላት ጠበቃ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃንና አካባቢው ሆናችሁ የቤት ወይም የውርስ ጣጣ ለገጠማችሁ ሁሉ ነው።

አባቴ በ2015 ሲያርፍ መሐል ሜዳ ያለው ቤታችን ካርታ በእሱ ስም ብቻ ነበር። ከእናቴ በፊት ከሌላ የወለዳቸው ወንድሞቼ «ቤቱ የአባታችን ነው» አሉ። መጀመሪያ የሄድንበት ሰው ወረቀቱን ገለበጥ ገለበጥ አደረገና «ሚስት ባሏን አትወርስም፤ ምንም የለሽም» ብሎ ሸኘን። ለዚያች ቃል ገንዘብ ከፍለናል። ሁለተኛው ደግሞ ባሰ። «እርቅ ነው፣ እዚህ ጋ ጣትሽን» አላት። አላነበበላትም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰውየውን አምናው አሻራዋን ሰጠች። ድርሻዬን ትቻለሁ የሚል ወረቀት መሆኑን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው። ያን ሰሞን እህል አልወርድ ብሏት ነበር።

እኚህን ጠበቃ የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። ጠዋት ነበር፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ወንበሩን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ወስደው እናቴን አስቀመጧት። «እትዬ፣ ቤቱን የሠራችሁት ከተጋባችሁ በኋላ ነው?» አሏት። መቀነቷን ፈታ የደበዘዘ የቆርቆሮ ደረሰኝ አወጣች፤ 1984 ይላል። የተጋቡት በ1981 ነው። «እውነት ነው፣ ሚስት ባሏን አትወርስም። ይሄ ግን ውርስ አይደለም፣ የራስዎ ነው» አሏት። ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም በትዳር የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው ባዩ ነው ማስረዳት ያለበት። ልጆች የሚካፈሉት የሟችን ግማሽ ብቻ ነው።

አቤቱታው ተጽፎ ሲያልቅ እናቴ ጣቷን ዘረጋች። እሳቸው የቀለሙን ክዳን መልሰው ዘጉት። «ያልሰሙትን አይፈርሙም» አሉና ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ጮክ ብለው አነበቡላት። «ቆይ» ስትል ይቆማሉ፣ ይደግሙላታል። የአባቴ ስም ጋ ሲደርሱ አለቀሰች። ዝም ብለው ጠበቋት።

ያ የእርቅ ወረቀት እንዴት እንደፈረሰ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሳቸው ግን አፈረሱት። ግማሹ ቤት ለእናቴ ተወሰነ።

እኔንም አልረሱኝም። «አንቺስ ልጄ፣ ባለትዳር ነሽ?» አሉኝ። ከአባቴ የወረስኩት የግሌ ነው። ሸጬ ሌላ ቤት ብገዛበትና የግሌ መሆኑን ፍርድ ቤት ካላጸደቀልኝ ግን የጋራ ሊባል ይችላል። ይሄን ማን ነግሮኝ ያውቃል? ታናሽ እህቴም ዘንድሮ ልታገባ ስለሆነ የጋብቻ ውሏን እሳቸው ጋ ነው የምታስጽፈው። ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ መሆን አለበት፣ ምስክርም ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ብለዋታል።

ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም። በውስጥ ጻፉልኝ፣ ቢሯቸውን አሳያችኋለሁ። ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። የደበዘዘም ቢሆን ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እናቴ ጠዋት ስትጸልይ ከልጆቿ ቀጥላ የእርስዎን ስም ትጠራለች።