‹አስፋልት ዳር ነው› ካሏችሁ እግሬ አውጪኝ በሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ትንሽ ከቆየሁ ዘመድ ጎረቤቱ ‹ተይው፣ ለእግዚአብሔር ስጪው› ይለኛል፤ እኔም እተወዋለሁ፤ ያ ደላላ ደግሞ ነገ ሌላ የዋህ ይዞ ሌላ ግቢ ያስጎበኛል።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ከደጀን እስከ መራዊ አስፋልቱን ተከትለው ከተዘረጉት የጎጃም ከተሞች አንዷ ናት፣ ይበቃል። የደላላውንም የሻጩንም ስም አልጽፍም፣ ክስ ልንመሠርት እያሰብን ስለሆነ። ለነገሩ ደላላውን ታውቁታላችሁ። በየከተማው አንድ አንድ አለ። ቡና ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ስልክ ደርድሮ የሚውል፣ ሴቱን ሁሉ ‹እታለም›፣ ወንዱን ሁሉ ‹ወንድምዓለም› የሚል፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ።

እኛ ፎቅ አልፈለግንም። ሦስት መኝታ ያላት አንዲት ቪላ፣ ከጓሮዋ ጎመንና ጌሾ የሚበቅልባት፣ በቃ። አባቴ ስንት ዘመን የጠበቀውን ባሕር ዛፍ ሸጠ፤ እኔና ባለቤቴ በዕቁብ ያጠራቀምነውን ጨመርንበት። ደላላው ያሳየን ግቢ አስፋልት ዳር ነው፤ ውስጡ አንዲት ያዘመመች ቆርቆሮ ክዳን ጭቃ ቤት አለች። ወሬውን መድገም አያስፈልገኝም፣ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ‹ነባር ይዞታ ነው፣ ሊዝ የለበትም፣ ካርታ አለው፣ ንጹሕ ነው። ይቺን አሮጌ ቤት ታፈርሺና የልብሽን ቪላ ትሠሪያለሽ። ደግሞ አስፋልት ዳር! የኮሪደር ልማት ሲመጣ ዋጋው የት እንደሚደርስ ታያለሽ።›

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ካርታው ፎርጅድ አይደለም። ዕዳም እገዳም የለበትም። ሻጩም ባለቤቱ ራሱ ነው። እዚህ አካባቢ ቦታ የሚገዛ ሰው የሚፈራው የታወቀ ነው፤ ከከተማ ዳር የገበሬ መሬት ተሸንሽኖ በጓሮ የሚሸጠውን፣ የጨረቃ ቤት የሚባለውን ነው። ያንን ፈርተን ሸሽተን፣ ወረቀቱ ሁሉ ልክ የሆነ ቦታ ላይ ነው የተበላነው።

‹ሊዝ የለበትም› ያለው መጀመሪያ ፈረሰ። ስም ልናዞር ስንሄድ የሊዝ ውል ፈርሙ ተባልን። ከ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ከቁጥር 721 ወዲህ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ ቀድሞ የተያዘ ቦታ) ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ነው የሚይዘው። ደላላውን ስንጠይቀው ‹ፎርማሊቲ ነው እታለም፣ አትጨነቂ› አለ። እሺ አልን፣ ፈረምን።

ጉዱ የመጣው የግንባታ ፈቃድ ልናወጣ ስንሄድ ነው። ደላላው ‹ሰው አውቃለሁ፣ ላስጨርስላችሁ› ብሎ አብሮን መጣ፤ ለዚህም ተከፍሎታል። አባቴ ደግሞ ‹ዓይኔ ይየው› ብሎ ከገጠር ተነሥቶ መጣ።

የፈቃድ ክፍሉ ጠባብ ነው። ለባለጉዳይ ያለችው ወንበር አንዲት ናት። ደላላው ቀድሞ ገብቶ ተቀመጠባት። አባቴ ጋቢውን ደርቦ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ በሩ ሥር ቆመ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየውና ‹አባት ውጭ ይጠብቁ፣ ክፍሉ ተጨናነቀ› አለ። ከሁላችንም ብዙ ቦታ የያዘው እኮ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ደላላ ነበር! አባቴ ምንም ሳይል ወጣና ከበሩ ውጭ ቆመ።

ልጁ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። እኔ ‹እርስዎ› እለዋለሁ፣ እሱ ‹አንቺ› ይለኛል። ደላላውን ግን ‹ጋሼ› ነው የሚለው። ካርታውን ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ ላይ ፕላኑን ከፈተና፣ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ በክዳኑ ስክሪኑን ነካ ነካ እያደረገ፣ ዓይኑን ከእኔ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ስክሪኑ እያመላለሰ ‹ይሄ ቅይጥ ነው። ዝቅተኛው ጂ ፕላስ ሁለት ነው። ቪላ አይፈቀድም› አለኝ።

አልገባኝም። ‹ምን ማለት ነው?› አልኩት።

‹አንቺ፣ አማርኛ ነው የተናገርኩት። ቅይጥ ማለት ንግድም መኖሪያም ነው። በዚህ መስመር ከጂ ፕላስ ሁለት፣ ከምድር ቤቱ በላይ ሁለት ፎቅ ካለው፣ በታች አይሠራም። ከፊት ያለውን ደግሞ መንገዱ ይወስደዋል። ይኸው መስመሩ፤ አሁን ያለው ቤት ራሱ መንገዱ ውስጥ ነው።›

‹እሺ፣ ከኋላ በሚቀረው ላይ ትንሽ ቤት እንሥራ› ስለው ሳቀ። ‹በሚቀረው ላይ ጂ ፕላስ ሁለት ሥሪያ፣ አቅሙ ካለሽ።› ይሄን ሲል ከላይ እስከ ታች አየኝና ጫማዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለሥራ የምሄድበት የላስቲክ ጫማ ነው። ምኑን እንዳየው እንጃ፣ ብቻ አይቶ ፈገግ አለ።

ቀጥሎ የመጣውን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው ያለው። ልጁ ወደ ደላላው ዞረና፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ፣ ‹ጋሼ፣ ይቺን ቦታ ያኔ ያመጡት ሰውዬ ጊዜ ነግሬዎት አልነበር እንዴ?› አለው።

ከእኔ በፊት ሌላ ሰው አምጥቶ ነበር ማለት ነው። እዚሁ ቢሮ፣ ይህንኑ ፕላን፣ ይሄንኑ መስመር አይቶ ሄዷል። ያ ሰውዬ ጠይቆ አመለጠ፤ ደላላው ደግሞ አንድ ነገር ተምሮ ወጣ፤ ቀጣዩን ገዥ ከፍሎ ሳይጨርስ ወደዚህ ቢሮ እንዳያመጣ።

ይደነግጣል፣ ያፍራል ብዬ አየሁት። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ጫፉን አየት አደረገ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ‹ነግሬያታለሁ እኮ። አውቃ ነው የገዛችው› አለ። መልሶ መፋቁን ቀጠለ።

አውቃ ነው የገዛችው! አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዓይኔ እያየ! ጠዋት ቁርሱን የጋበዝኩት እኔ ነኝ። ‹መቼ ነው የነገርከኝ?› ብዬ ስጮህበት ‹እታለም፣ ረስተሽው ነው፣ ተረጋጊ፣ ቢሮ ውስጥ ነን› ይለኛል። ጯሂዋ፣ ነገረኛዋ እኔ ሆኜ ቀረሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ባለጉዳይ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል።

አባቴ ከውጭ ሆኖ ‹ምን አሉ ልጄ?› አለኝ። አፌን መክፈት አቃተኝ። መልስ የሰጠው የቢሮው ልጅ ነው። ‹አባባ፣ ይሄ ፎቅ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ የእናንተ ዓይነት ሰው ቦታ አይደለም።› ይሄን ብሎ ካርታውን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋውና ‹ቀጣይ!› አለ።

የእናንተ ዓይነት ሰው። ቦታውን ሲሸጡልንማ ገንዘባችን የማን ዓይነት ነው ያለ የለም።

ከዚያ ቀጥታ ሻጩ ጋ ሄድን። ሰውዬው አልተደበቀም፣ እንዲያውም ቡና አስፈላልን። ‹እኔ ቤት ነው የሸጥኩላችሁ። ቤቱ ይኸው አለ፤ አልፈረሰ፣ አልተቃጠለ። ፕላኑን እኔ አላወጣሁት› አለ። ገንዘባችንን መልስ ስንለው ደግሞ፣ ይሄኛው ነው አንጀቴን ያሳረረው፣ ‹ችግር የለም፣ ውሉ ላይ ያለውን እመልሳለሁ› አለን።

ውሉ ላይ ያለው ከከፈልነው ግማሽ አይሞላም። ይሄንንም ታውቁታላችሁ፤ ‹ለመንግሥት ምን አስገፈገፋችሁ› ተብሎ ዋጋው ዝቅ ብሎ የሚጻፈውን። ውሉን አስተይበው ያመጡት እነሱ ናቸው። ስም ሲዞር የሚከፈለው 2 ከመቶ የቴምብር ቀረጥም፣ የሻጩ ግብርም ይቀንሳል ተብሎ። በባንክ የገባው ውሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። የቀረው በፌስታል ተቋጥሮ እዚያው ሳሎን፣ እዚያው ቡና በጠጣንበት ረከቦት አጠገብ ተቆጥሮ ተሰጠ። ቆጣሪው ማን ነበር? ደላላው። አሁን ሻጩ ‹የምን ፌስታል?› ይላል። ደላላውም አላየም። ገንዘብ እንዲህ ባለ ፍጥነት ሲተን አይቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ አንድ የማውቀው መሐንዲስ ጋ ደወልኩ። መሐንዲሱ ነገሩን ሲያስረዳኝ ነው ለምን ቪላና ጂ ፕላስ ሁለት ሰማይና ምድር እንደሆኑ የገባኝ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ሕንፃን በሦስት ምድብ ነው የከፈለው። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ምድብ ‹ሀ› ነው፤ እኛ ያሰብናት እሷን ነበር። ጂ ፕላስ ሁለት ግን ምድብ ‹ለ› ውስጥ ይገባል። የስትራክቸር ስሌት አለ፣ በየሙያው የተመዘገበ ባለሙያ ፊርማ አለ፣ ኮንትራክተር አለ። ብረትና ሲሚንቶ ዛሬ ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኛ ለጣሪያ ቆርቆሮው እንኳ ዕቁብ ልንጠብቅ ነበር።

እና ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ምድር ላይ ያረፈች የቤተሰብ ቤት ለሚፈልግ ሰው አስፋልት ዳር ማለት ከሁሉም የባሰው ቦታ ነው። መንገድ የሚሰፋው እዚያ ነው፤ ከተሞቹ ፎቅ ካልሆነ የሚሉት እዚያው ነው። ገባ ብሎ ከመንደሩ ውስጥ፣ ፕላኑ መኖሪያ ባለው ቦታ፣ በርካሽ የምትገኘውን ትቶ፣ ሰው ተጨማሪ ብር ከፍሎ ክልከላውን ይገዛል። ደላላው ደግሞ ‹አስፋልት ዳር› የምትለዋን ቃል እንደ ማር እያላሰ ይሸጥልሃል።

ፕላን ለምን ኖረ እያልኩ አይደለም። ሁሉም እንደልቡ ቢሠራ መተላለፊያም አይኖረን። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅም ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ ይወያይበት ነው የሚለው። እኔን የሚያበግነኝ ያ ፕላን ለደላላው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚታወቅ፣ ለገዥ ግን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ በእስክሪብቶ ክዳን የሚታይ መሆኑ ነው።

ማታ ደላላው ደወለልኝ። ይደውላል፣ ዓይን አያውቅም። ‹እታለም፣ ምን አስለቀሰሽ? መንገዱ ሲመጣ ካሳ ትበሉበታላችሁ› ይለኛል። የምን ካሳ? ካሳ በዋናነት የሚገመተው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፤ መሬቱማ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መሬቱ ላይ ያለችው ደግሞ ያቺ ያዘመመች ጭቃ ቤት ናት። መንገዱ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን የለም። እስከዚያ አፍርሰን እንዳንሠራ ተከልክለናል፤ ለሌላ ሰው እንዳንሸጠው ደግሞ እኛ እንደ እሱ አይደለንም።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ አጭር ነው። ቀብድ ሳትሰጡ ሻጩን ራሱን ይዛችሁ ፈቃድ ክፍል ሂዱና የፕላን ስምምነት በስሙ ይጠይቅላችሁ፤ ስንት ፎቅ፣ ለምን አገልግሎት፣ መንገድ ይነካዋል አይነካውም፣ በጽሑፍ። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ውሉ ላይ የከፈላችሁት ብር ይጻፍ፣ ‹ቪላ ለመሥሪያ› የሚል ቃልም ይግባበት። ደላላውን አታስከትሉ።

እኛ ጠበቃ አናግረናል። በተንኮል የተደረገ ውል ነው ብለን እንዲፈርስ መጠየቅ እንችላለን፣ ሁለት ዓመት ሳያልፍ መክሰስ አለባችሁ ብሎናል። ምስክር ግን አምጡ ይላል፤ ደላላው ቀድሞ ማወቁን የሚናገር። አባቴ ቢመሰክር ‹ዘመድ ነው› ይሉታል። የቢሮው ልጅ ‹ጋሼ› ያለውን ሰው አጋልጦ ይመሰክራል ብዬ አላስብም። የቀረው ያ ከእኔ በፊት ጠይቆ ያመለጠው ሰውዬ ነው። ወንድሜ፣ አስፋልት ዳር ያለች፣ ጭቃ ቤት ያለባት፣ መፋቂያ የማይለየው ደላላ ያሳየህ ግቢ ትዝ ካለህና ይሄን ካነበብክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የትም ብትሆን መጥቼ አገኝሃለሁ፤ ፍርድ ቤት ለምትመጣበት ትራንስፖርትህንም እኔ እችላለሁ።