የጎግል ፎቶስ ማጽጃ፦ ለስልኩ ጎበዝ፣ ለነፍስ ግማሽ መንገድ

ፎቶ የሚያስቀምጠው የጎግል ፎቶስ መተግበሪያ የማከማቻ ማስተዳደሪያ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ስንት ጊጋባይት አስለቀቀ ተብሎ ነው። እዚህ ሚዛኑ ሌላ ነው፤ በጸሎትም ሆነ በተመስጦ ለማደግ የሚታገል ሰው ልቡን ከስልኩ ክምር እንዲያላቅቅ ያግዘዋል ወይ?

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ የንዋይ ፍቅርን ሲተነትን የዘረዘረው ምቾትን ሳይሆን ፍርሃትን ነው፦ ረጅም እርጅና፣ ረሃብ፣ በሽታ፣ የሰው እጅ የማየት ሀፍረት። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ የሚያስይዘንም ይኸው ነው፤ «ብረሳውስ? አንድ ቀን ቢፈለግስ?» ገጹ ይህን ፍርሃት አይነካውም፤ የሚያየው የፋይሉን ክብደት ነው።

ሲከፈት ትልልቅ ቪዲዮዎችን፣ የደበዘዙ ፎቶዎችንና ስክሪንሾቶችን ለይቶ ያቀርባል። ምርጡ የስክሪንሾቱ ክፍል ነው፤ አብዛኞቹን የሚሳሳላቸው ስለሌለ እጅ መጣልን የሚለማመደው እዚያ ነው። የቆየ የቻት ንግግር ላይ ጣትዎ ከቆመ ግን ቶሎ አይለፉት። ቂምም ናፍቆትም የሚያድረው እንዲህ ባለ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው፤ በመጠን የሚደረድር ገጽ ደግሞ ይህን ወደ ፊት አያመጣውም። የደበዘዙትን በጅምላ አያጥፉ፤ ማሽኑ ብዥታውን እንጂ ፎቶው የሟች የመጨረሻ ምስል መሆኑን አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን የማጥፊያ መንገዶች ሲያምታታ ነው። ቦታ የሚያስለቅቀው ቁልፍ የሚያነሳው ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚገኘው የጎግል ማከማቻ፣ የተቀመጡትን ፎቶዎች ከስልኩ ብቻ ነው። ስልኩ ይቀላል፤ ክምሩ ግን ቤት ቀየረ እንጂ አልተጣለም። በመተግበሪያው ውስጥ ራሱን ፎቶውን መርጦ ማጥፋት ደግሞ ከስልኩም ከክላውዱም ያስወግደዋል። የመጀመሪያውን ያደረገ መስሎት ሁለተኛውን የሚያደርግ ሰው ደንግጦ ወደ መጣያው ይሮጣል።

መጣያው ታዲያ ሳይታሰብ የዚህ አገልግሎት ምርጡ መንፈሳዊ መሣሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ክላውድ ላይ የነበረ ፎቶ በመጣያው 60 ቀን ይቆያል፣ ያልነበረ ግን 30 ቀን ብቻ። እንዲህ ይጠቀሙበት፦ ከአንድ ወር ፎቶ ብቻ ይጀምሩ፣ ለመጣል የሚከብድዎትን ወደ መጣያው ይላኩ፣ ከዚያ መጣያውን አይክፈቱ። ሳያዩት ራሱ ትዝ እያለ የመጣውን ቀኑ ሳያልፍ ይመልሱ። ትዝ ሳይል የቀረው በራሱ ይጠፋል፤ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት እንደነበረም ያኔ ይታወቃል።

በእርግጥ ሊቀር የሚገባውን መጀመሪያ ወደ አንድ አልበም ይሰብስቡና ጎግል ላይ ያለን መረጃ ለማውረድ በሚያገለግለው በጎግል ቴክአውት ያንን አልበም ብቻ መርጠው ያውርዱ። የማውረጃው ሊንክ ለ7 ቀን ያህል ነው የሚሠራው። ፎቶው የተነሳበት ቀን ጄሰን (JSON) በተባለ የተለየ የመረጃ ፋይል ስለሚመጣ እሱን ከፎቶዎቹ አይለዩ፤ አለበለዚያ በቀን መደርደር ሊዛባ ይችላል። ሁሉንም አውርዶ ሃርድ ዲስክ መሙላት ግን ጎተራ መቀየር ነው።

በጾም ወይም በሱባኤ ሰሞን የድሮ ፎቶዎችን እያነሳ የሚያሳየውን የ«ትዝታዎች» ማሳወቂያ ማጥፋትና አንዳንድ ሰዎችንና ቀኖችን በቅንብሩ መደበቅ ይቻላል። ይህ ጥሩ ነው።

የማይወደደው ግፊቱ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2021 መጨረሻ ድረስ ጥራቱ ዝቅ ብሎ የሚጫን ፎቶ ከነፃው ቦታ አይቆጠርም ነበር፤ ሳያስቡ ማከማቸትን ያስለመደን ያ ነው። አሁን ነፃው 15 ጊጋባይት ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የጋራ ስለሆነ፣ ሲሞላ ደብዳቤ መቀበልም ይቆማል፤ ያኔ የሚቀርበው መፍትሔ ተጨማሪ ቦታ መግዛት ነው። ከመክፈልዎ በፊት የጂሜይልንና የድራይቭን መጣያ ባዶ ያድርጉ። እዚያ ያለው እስከ 30 ቀን ድረስ ቦታ እየያዘ ይቆያል።