ታንኳ ወይስ የሞተር ጀልባ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች በጣና ላይ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ላይ ለማንሸራሸር ውኃ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ተክል የምትሠራው ታንኳም የሞተር ጀልባም አለ። ብዙ ወላጅ ጀልባውን የሚመርጠው ጣሪያና ወንበር ስላለውና ልጆቹን ከነአጃቢዎቻቸው ስለሚይዝ ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ፣ ቶሎ ወደ ዳር መመለስ መቻሉም ቀላል ጥቅም አይደለም። ይሁን እንጂ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹን ድምፅ ስለሚያውካቸው፣ ሞተሩ ገና ሲነሣ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይደፍናሉ፤ ዳውን ሲንድረም ባለባቸው አንዳንድ ልጆች ደግሞ የአንገት አጥንት መገጣጠሚያ ልል ስለሚሆን፣ ጀልባው ማዕበል ላይ ሲነጥር መንገጫገጩ ሊጎዳቸው ይችላልና አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ታንኳዋ ሞተር የላትም። ልጁ ከውኃው ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የቀርከሃው መቅዘፊያ በግራና በቀኝ ሲጠልቅ የሚሰማው የማይለዋወጥ ምት ሊያረጋጋው ይችላል፤ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ሲያስይዘውም የገዛ እጁ ታንኳዋን ሲያንቀሳቅስ ያያል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ችግሩ ደንገል ውኃ እየጠጣ መክበዱ፣ የሚደገፉበት ከፍ ያለ ጠርዝ አለመኖሩና ድንገት ብድግ የሚል ልጅ በቀላሉ ሊወድቅ መቻሉ ነው። (የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውኃ በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ ስላለበት፣ ልጁን ውኃ ሳያስረግጡ ተሸክሞ ማሳፈር ይሻላል።) ስለዚህ ታንኳን የምመርጠው ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ፣ ከዳር ሳይራቅ፣ አንድ ልጅ ከቀዛፊውና ዋና ከሚችል አጃቢ ጋር ሲሄድ ነው። በልጁ ልክ የሆነ ተንሳፋፊ ሰደርያ ግን በታንኳም በጀልባም ግዴታ ነው፤ ሰደርያውንም ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት እያለበሱ ማለማመድ ያስፈልጋል።